በሐዘናቸው የሚላጩት መሐንዲስ

ያን ቅዳሜ ካርቱም የሠርግ ቤት መስላ ነበር የዋለችው። ወታደሮቹና ሲቪሎቹ የሽግግሩን ስምምነት የፈረሙበት ቀን ነው። መኪናው ሁሉ ክላክስ ይነፋል፤ ሪክሻዎቹ ባንዲራ ደርበዋል፤ ሳጃና ሰፈር ያለነው ሐበሾችም እንደ ባለቤት እልል እንላለን። ጎረቤት ሲደሰት ዝም ማለት ይከብዳል። እኔ ይማም ፀጉር ቤት ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ይማም ወሎዬ ነው፤ እጁ የሚሠራውን ያህል አፉም ይሠራል። ወንበሮቹ ሞልተው ገሚሱ ሰው ቆሟል።

በዚህ መሀል አንድ ረዘም ያሉ ሽበታም ሰው ገቡ። በዚያ የነሐሴ ወበቅ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ይማም የያዘውን ደንበኛ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ትቶ «ይምጡ ጋሼ» ብሎ ወንበር አስለቀቀላቸው። ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ ከሥሩ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ነበር። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሰጡት። ይማም፣ ያ ለፍላፊ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጢማቸውን ሙልጭ አድርጎ ላጫቸው።

እንግዲህ በኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጢሙን አይላጭም። ከአጠገቤ የነበረው ሀይሉ የሚባል የመኪና ደላላ አላስቻለውም።

«አንተ ገብረየስ!» አለ ጮክ ብሎ። «የሚስትህ የማዘንጊያ አርባ ሳይወጣ የጀመርከውን መላጨት ዛሬም አልተውክም? ሙሽራይቱ ማን ናት? ለሠርጉ እንዳንቀር ንገረን እንጂ!»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሰውዬው በመስተዋቱ ውስጥ አዩት። ፊታቸውን በፎጣ አባበሱ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ይማም» አሉና ወጡ። ኮታቸው ግን ሚስማሩ ላይ ቀረ። ተራዬን ትቼ ኮቱን ይዤ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ! ጋሼ! ኮትዎን ረሱ!»

ዞረው እኔንም ኮቱንም አዩ። «አልረሳሁትም። እዚያው መልሰው፤ እዚያ ነው የሚያድረው» አሉኝ።

«ምነው?»

«ቤት ካለ ካሜራው ያየዋል።»

ግራ መጋባቴን ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። የማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። «በል መምህር፣ መልሰውና ና። ዛሬ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ ሁለት ሆነን እንሂድ» አሉኝ። እንዲህ ነው ከጋሽ ገብረየስ ጋር የተዋወቅነው።

በጭፈራው መሀል እየተጋፋን ስንሄድ ነገሩን ነገሩኝ። ባለቤታቸው ማዘንጊያ በሰኔ ነው ያረፈችው። ትንሿ ልጃቸው ዮሐና ካይሮ ናት፤ ባሏ ፍሬው የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። አሁን ሦስተኛውን ይዛ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አይነገርም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የሚገናኙት በተራ ስልክ በድምፅ ብቻ ነበርና መደበቁ ቀሎ ነበር። ኔት ሲመለስ ግን በቪዲዮ ሆነ። ጢማቸውን አሳድገው ብታያቸው ባንድ አፍታ ታውቃለች።

«አንድ ቀን ኮቱ በስተኋላዬ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አሉኝ። «'አባዬ፣ ያ ጥቁር ኮት የማን ነው?' አለችኝ። የጎረቤት ነው ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ይማም ጋ ነው የሚያድረው።»

«ለሀይሉ ይንገሩት እንጂ! እንዲያ ሲሰድብዎ ዝም ይላሉ?»

«መርዶ ለነፍሰ ጡር እንደማይነገር ሀይሉም ያውቃል። መላጨቴ ለምን እንደሆነ ብነግረው ግን ለጨዋታ ያወራዋል። ጨዋታ ደግሞ ካይሮ ለመግባት ቪዛ አይጠይቅም።»

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑበት ግቢያቸው ጎራ ማለት ለመድኩ። እሳቸው ቡሎን እየፈቱ ያወራሉ፤ እኔ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

የከምባታ ሰው ናቸው። ያደጉት ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የአንድ ጣሊያን የከብት እርባታ ላይ ነው። አባታቸው በፈረስ ሆነው ከብት የሚነዱ ሠራተኛ ነበሩ። ሽቦ አጥር፣ ከብቱ ለመዥገር የሚነከርበት ገንዳ፣ የኮርቻ ሽታ፤ የልጅነታቸው ዓለም ያ ነው። ለመንጋው ውሃ የሚያወጣው በነፋስ የሚዞር ፓምፕ ነበር።

«አንድ የበጋ ወቅት ፓምፑ ተሰበረ» አሉኝ። «ውሃ ሲጠፋ ከብት መጀመሪያ ይጮኻል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ሰው ሰው ያያል። ያ ሁሉ ዓይን አንድ ላይ ሲያይህ ታውቃለህ? ጣሊያኑ ከከተማ መካኒክ ሊያመጣ ሄደ። እኔ የፓምፑ ማማ ላይ ወጥቼ የተበላውን የማጥበቂያ ቆዳ በኮርቻ ቆዳ ቀየርኩት። መሐንዲስ የሆንኩት ያን ቀን ነው፤ ዲፕሎማው በኋላ የመጣ ወረቀት ነው።»

ያስተማሯቸው የካቶሊክ ሚሲዮን አባቶች ናቸው። በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ያገለግሉ ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከዚህ ዓመት ድረስ በየሰንበቱ ሳይቆርቡ የቀሩበትን ቀን አያስታውሱም። ደርግ ሲመጣ እርባታው ተወረሰ፤ የአባታቸው ፈረሶች ጋሪ ጎታች ሆኑ፤ ኮርማዎቹም ለበዓል ታረዱ። እሳቸው ምሕንድስና ተምረው ወደ ጦሩ ገቡ። ኤርትራ ውስጥ የመሐንዲስ ክፍል ሻምበል ሆነው ድልድይ ሠሩ፤ ደርግ በወደቀበት ግንቦት ደግሞ የገዛ ድልድያቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው ከተረፉት ወታደሮች ጋር ወደ ከሰላ ተሻገሩ። ሱዳኖች መሣሪያውን ተቀበሏቸው። ስለ ሌላው ነገር ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ጦርነቱ ግን «ድልድዩ ጥሩ ድልድይ ነበር» ብለው ያቆማሉ።

ማዘንጊያን ያገኟት እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር፣ አንድ ባለጠጋ ቪላ ጣራ ላይ ነው። እሷ የቤቱ ሠራተኛ፣ የጎጃም ልጅ፤ እሳቸው የውሃውን ሞተር ሊጠግኑ የመጡ ስደተኛ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አንድ ቃል ሳይናገሯት ቀሩ። በአራተኛው ጊዜ ማዘንጊያ፣ «አንተ ሰው፣ ከአንተስ ሞተሩ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ሲነኩት ይጮኻል» አለቻቸው።

እሷ ኦርቶዶክስ ነበረች። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ ጾሟን ግን አልተወችም፤ እሳቸውም አልጠየቋት። እዚህ ካቶሊኩ በፈረንጅ ቀን ስለሚያከብር ቤታቸው ሁለት ገናና ሁለት ፋሲካ ነበረው። «የሁለታችን ጾም ሲደመር ዓመቱ አለቀ» ይላሉ እየሳቁ። ሦስት ልጆች ወለዱ። ኤልያብ አሁን ጁባ ነው፤ ህሊና ዱባይ ናት፤ ዮሐና ካይሮ። ልጆቹ ከተበተኑ ወዲህ ቤተሰቡ በየማታው በስልክ ተገናኝቶ መቁጠሪያ፣ የካቶሊኮቹን የማርያም ጸሎት፣ ይደግም ነበር። አምስቱን ክፍል አምስት ሰው እየተቀባበለ ይመራዋል፤ አራተኛው የማዘንጊያ ነበር።

ከስምምነቱ በፊት በነበረው የአብዮት ሰሞን የሰፈሩ ሻባብ፣ ወጣቶቹ ማለቴ ነው፣ የወታደር መኪና እንዳይገባ መንገዱን በጡብና በድንጋይ ሲዘጉ ወደ ጋሽ ገብረየስ መጡ። «ያ ባሽ ሙሀንዲስ፣ አንተ ወታደር ነበርክ፤ እንዴት ነው የምንሠራው?» አሏቸው፤ ጌታው መሐንዲስ ማለታቸው ነው። ወጥተው አዩ። ጡቡ እንዴት እንደሚደረደር አሳዩአቸውና አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ለመኑ፤ «በሽተኛ የሚወጣበት አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተዉ። የሚከፍተው ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር።» ልጆቹም አደረጉት።

ከሳምንታት በኋላ ከጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች ደም ፈሰሰ፤ ኔት ተቆረጠ፤ ከተማው ሥራ አቆመ። በዚያው ሳምንት አንድ እኩለ ቀን ማዘንጊያ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደች ወደቀች። ደም ግፊት ነበረባት። ጎረቤት መኪና አመጣ፤ ሻባቡ እየሮጡ ቀዳዳውን ከፈቱ፤ መኪናው አንዴም ሳይቆም ወጣ።

«ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሠራ» አሉኝ ጋሽ ገብረየስ፣ ዓይናቸው መፍቻው ላይ እንደሆነ። «መንገዱ ሠራ፤ መኪናው ሠራ፤ ሐኪሙም ተገኘ። እሷ ብቻ አልጠበቀችም።»

በማግሥቱ አስከሬኗ በዚያው ቀዳዳ አለፈ። ሣጥኑን የተሸከሙት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ «አልበረካ ፊኩም» እያሉ፤ የሱዳን ማጽናኛ ነው፣ በረከቱ በቀራችሁት ላይ ይሁን እንደ ማለት። የካቶሊኩ ቄስ፣ አቡናውም መጡ፣ የኛም የኦርቶዶክሶቹ ቄስ መጡ፤ ማን ቀድሞ ይጸልይ ብሎ የተጨቃጨቀ አልነበረም።

ለኤልያብና ለህሊና በወጉ በየአገራቸው ሰው ተልኮ፣ ማልዶ መርዶ ተነገራቸው። ለዮሐና ግን አባቷ፣ «አያትሽ ታመው እናትሽ ጎጃም ሄደች፤ እዚያ ኔት የለም» አሏት። ጎጃም ያሉት የማዘንጊያ እናት ግን ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ማዘንጊያ ልጆቿን ከሩቅ ሐዘን ለማዳን ስትል ይህን ደብቃቸው ነበር። አባትየው ደግሞ በዚያው ውሸት ላይ ቤት ሠሩበት።

መቁጠሪያው ሲደገም ካሜራው በማያየኝ ጥግ ተቀምጬ ብዙ ማታ ሰምቻለሁ። አራተኛውን ክፍል ጋሽ ገብረየስ ራሳቸው ይመሩታል። ኤልያብና ህሊና እያወቁ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ሲሉ ድምፃቸው ይሰበራል፤ ዮሐና የኔትወርክ ችግር መስሏት «አይሰማም፣ ድገሙት» ትላለች። ሲያልቅ ደግሞ ጥያቄው ይመጣል።

«እማዬ እስካሁን አልደወለችም?»

«ኔት የለም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

«አንድ ቀን ከተማ ወጥታ መደወል አቃታት? ሁለት ጊዜ ምን እንዳገኘኝ ታውቃለች። ለእናቷ ስትል እኔን ረሳችኝ በቃ!»

«እንዲህ አትበይ ዮሐና።»

«እላለሁ! ያንተ ሚስት ናት፣ አንተ ጠብቃት። እኔ አኩርፌያለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ገብረየስ ያንኑ የጨለመ ስክሪን ይዘው ይቀራሉ። አንድ ማታ፣ «ውሸቱን እኔ ዋሸሁ፤ የምትሰደበው ግን እሷ ናት» አሉኝ። «ማዘንጊያ ለዚያች ልጅ ስትል ሁለት ዓመት ሙሉ ስለት ተስላለች። አሁን መልስ የማትሰጥበት ቦታ ሆና ትወቀሳለች። ስሟ ልጇ አፍ ውስጥ እየመረረ ነው፣ መምህር።»

የባሰው ነገር ደግሞ አንድ እሑድ ታየኝ። እኔ የነሱ ሃይማኖት አይደለሁም፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ሕዝቡ ለቁርባን ሲሰለፍ ጋሽ ገብረየስ አልተነሡም። ከፊት አግዳሚው ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጡ። ከወንበሩ ለመውጣት በጉልበታቸው እየታከከ ያለፈው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል።

ስንወጣ ጠየቅኳቸው።

«ንስሐ የገባ ሰው ዳግመኛ አላደርገውም ማለት አለበት» አሉ። «እኔ ዛሬ ማታ እዋሻለሁ፤ ነገም እዋሻለሁ። ምን ብዬ ነው የምቆርበው?»

«አቡናው ምን አሉዎት?»

«'የት ናት ስትልህ፣ ደህና ቦታ ናት በል፤ ውሸት አይደለም' አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ የኑባ ተራራ ሰው፤ ብዙ ሐዘን ያዩ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ድልድይ ወይ ይሸከማል ወይ አይሸከምም፤ በጥበብ ቃል አይቆምም። እየዋሸሁ ከሆነ እየዋሸሁ ነው። ልጅቷ በሰላም ትውለድ እንጂ እኔ እራባለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ከተማው በየሳምንቱ ስለ አዲስ ሚኒስትር ያወራል፤ የዳቦ ሰልፉ ግን እንደነበረ ነው። ጋሽ ገብረየስ በየሦስት ቀኑ ይላጫሉ፤ ሀይሉም ባገኛቸው ቁጥር ስለ ሙሽራይቱ ይጠይቃቸዋል። አንድ ቀን ይማም ምላጩን እንደያዘ፣ «ሀይሉ፣ ይሄን ወሬ ካልተውክ ግማሽ ጢምህን ላጭቼ ነው የምሰድህ!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ ሀይሉ ሌላ ቤት ነው የሚላጨው አሉ።

በጥቅምት መግቢያ ስልኩ ቀን ላይ ጮኸ። ግቢው ውስጥ ነበርን። ፍሬው ነው፤ ማልቀሱን ነው የምሰማው እንጂ ቃሉ አልገባኝም። ጋሽ ገብረየስ እጃቸው ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ። ቀጥሎ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ። እናትም ደህና ናት። ጋሽ ገብረየስ ግሪስ በነካው እጃቸው አማተቡ፤ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ምልክት ቀረ።

ከዚያ የዮሐና ድምፅ መጣ፤ የደከመ፣ እንደ ሕፃን የሆነ ድምፅ።

«አባዬ፣ ማኩረፌን ትቻለሁ በላት። ምንም አልላትም። ብቻ ትምጣልኝ፤ የሷን ገንፎ ነው ያማረኝ። እኔ ሐራስ መሆን አላውቅበትም።»

ጋሽ ገብረየስ «እየመጣን ነው» አሉ። ምን ብለው «እየመጣን» እንዳሉ ራሳቸውም አላወቁም መሰለኝ፤ ስልኩን ዘግተው የወደቀውን መፍቻ አነሡ።

አገር ቤት ነገር ከተለወጠ ወዲህ ኤምባሲው ለድሮ ወታደሮችም ፓስፖርት ይሰጥ ስለነበር አንድ አውጥተው ነበር። የግብፁን ቪዛ ፍሬው ከዚያ፣ እኛ ከዚህ ተሯሩጠን አገኘንላቸው። እስከዚያ ድረስ ጋሽ ገብረየስ ስንቅነሽ ቤት ገቡ። ስንቅነሽ ሳጃና ውስጥ ምግብ ቤት ያላት፣ የማዘንጊያ ጓደኛ ናት። ገንፎ አስተምሪኝ አሏት።

«ዱቄቱና ውሃው ስንት ለስንት ነው?» ሲሉ እሰማለሁ።

«በዓይን ነው፣ ጋሼ።»

«ዓይን መለኪያ አይደለም። ንገሪኝ።»

«እንግዲያው ያማስሉ! ኧረ ቀስ! ሲሚንቶ ነው እንዴ? ይሄ እኮ ግድግዳ አይለሰንበትም፤ ሐራስ ናት የምትበላው!»

የመጀመሪያው ድስት ጓጎለ፤ ሁለተኛው አረረ። በሦስተኛው ስንቅነሽ መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤውን አፈሰሰችና ቀመሰችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ያው የሷ ነው» አለች። «ጨዉ ሳይቀር።» ጋሽ ገብረየስ ማማሰያውን አጥበው በፎጣ አደረቁት።

የሄዱ ዕለት ማለዳ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሸኘኋቸው። ወደ ግብፅ ድንበር፣ ወደ ሃልፋ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ረዳቱ «የላ ያ ሃጅ፣ የላ!» እያለ ቶሎ እንዲሳፈሩ ያጣድፋል። የጋሽ ገብረየስ ሻንጣ ትንሽ ነው፤ የገብስ ዱቄቱና የበሶው ከረጢት ግን ለብቻው ሰው ያህላል። ቅቤውን በቆርቆሮ አሽገው ለማንም አልሰጥም ብለው አቅፈውታል።

ብዙ ቀን አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ ያኔ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ብቻዎን ታይዎታለች። እማዬስ ስትልዎ ምን ይሏታል?»

«እውነቱን።»

«በሩ ላይ?»

«ሌሊት ነው የምደርሰው፤ ፍሬው ይከፍትልኛል። እሷ ሳትነቃ ወጥ ቤት እገባለሁ።» የአውቶቡሱን መወጣጫ ይዘው ቆሙ። «ጠዋት ሽታው ይቀሰቅሳታል። እናቷ የመጣች ይመስላታል፤ ይምሰላት።»

«ከዚያስ?»

ረዳቱ ከረጢቱን ተቀብሏቸው ነበር፤ ቅቤውን ግን አልሰጡትም። ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ባዶ ሆድ ለቅሶ አይችልም፣ መምህር» አሉኝ። «መጀመሪያ ትብላ።»